ሃያ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር፦ መንገዱ ደህና

የማያውቁትን ቁልቁለት በብስክሌት ሲወርዱ የሚያምኑት ማንን ነው? ዓይኔን እንዳይሉኝ፤ ዓይን ከመታጠፊያው ወዲያ አያይም። ፍሬኔን እንዳይሉኝ፤ ፍሬን የሚያዘው አደጋው ከታየ በኋላ ነው። የሚያምኑት መሪው ላይ በመቆንጠጫ የተያዘችውን ወረቀት ነው። ወረቀቷን ደግሞ የሠራት ሰው አለ። እኔ ነኝ።

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የእሑድ ብስክሌተኞች ክበባችን የሚነዳበትን መንገድ ካርታ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። «ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው በወር አንድ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ስልክህ ፀሐይ ሲመታው መስታወት ይሆናል፣ ዝናብ ሲነካው ጣትህን አያውቃትም፣ አርባኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀት ግን ረጥቦም ይነበባል። ይህን ተናግሬ ስጨርስ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሄዷል። ታናሽ እህቴ «ጋሼ፣ አንተ እኮ ሰላምታም ስትሰጥ የምትከስ ነው የሚመስለው» ትለኛለች።

ካርታዬ ከመደበኛው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ግማሽ ናት። የዙሩ የመጀመሪያ አጋማሽ ከፊቷ፣ ሁለተኛው ከጀርባዋ ነው። መንገዱን የምስለው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ነጂው ወደ ፊት ሲሄድ ዓይኑም ወደ ላይ እንዲሄድ። ሰሜን የት እንደሆነ አልጽፍም። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ልማዴ ሰሜንን ከላይ አድርጌ ብሠራ፣ የክበቡ ግማሽ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባው ወደ ቀኝ ታጥፎ የሰው ከብት በረት ውስጥ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን በአንድ እሑድ ካድኩት። ካርታዬ ጥቁርና ነጭ ብቻ ናት፤ ቀለም በላብ ይቀልጣል። ከግርጌዋ ልክ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነች መስመር አለች። ቤቱ ፕሪንት ያደረገ ሰው በማስመሪያ ይለካታል፤ ፕሪንተር የሚባል ዕቃ ሳይጠየቅ ማሳነስ ይወዳልና፣ ያነሰች ካርታ ደግሞ በሩጫ ላይ አትነበብም።

ሁለት ነገሮች ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣሉ። አንደኛዋ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችው ሣጥን ናት። ውስጧ «ነድቼዋለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ቀንና ፊርማ አለ። በዚያው ሳምንት ያልተነዳ መንገድ በካርታ አይወጣም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በስብሰባም ጠረጴዛ እየደበደብኩ ያስጸደቅኩት እኔው ነኝ። ሁለተኛው በቀኝ በኩል የምተወው ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ኅዳግ ነው። ማክሰኞ መንገዱን እነዳለሁ፣ ረቡዕ ጠዋት ረቂቁን በሊቀ መንበራችን ብስክሌት መጠገኛ ሱቅ በር ላይ እሰቅላለሁ፤ ከአጠገቡ በሲባጎ የታሰረች እርሳስ አለች። የሚያልፈው የሚያውቀውን በኅዳጉ ላይ ይጽፋል፦ እዚህ ጋ ያልታሰረ ውሻ አለ፣ ድልድዩ ላይ አሸዋ ተደፍቷል፣ ይህን በር ሰውየው ዘግቶታል። ሐሙስ ማታ ረቂቁን ወስጄ የተጻፈውን በቀለም አሰፍርና ፋይሉን በክበቡ የስልክ ግሩፕ እለቃለሁ፤ ፕሪንተር ለሌላቸው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት አስገባለሁ። ቀለሙ የእኔ፣ እርሳሱ የሁሉም ነው።

ክበባችን አርባ ያህል ሰው አለው። ከፊት የሚነዳውን አውራ፣ ከመጨረሻ የሚነዳውን ውራ እንላለን። በሌላ ቦታ ውራ መባል ስድብ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሹመት ነው። ውራ ማንንም ከኋላው አይተውም። ጎማው የተነፈሰበትን ይጠብቃል፣ የደከመውን በወሬ ያስረሳል፣ መኪና ሲመጣ «ጠርዝ» ብሎ ይጣራል፤ ራሱም ሁልጊዜ ጠርዝ ይዞ ነው የሚነዳው። ስድስት ዓመት ውራችን ይህችው እህቴ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። በስድስት ዓመት አንድ ሰው አልጠፋባትም። አንድ ጊዜ ሰንሰለቱ ለተበጠሰበት ሰው ብስክሌቷን ሰጥታ፣ የሱን እየገፋች አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በእግሯ ገብታለች። ለምን መኪና አልለመንሽም ሲሏት «ውራ በመኪና ቀድሞ ከገባ ማን ውራ ሊባል ነው?» አለች።

ሊቀ መንበራችንን አባላቱ «አቶ ቶሎ» ይሉታል። ብስክሌቴ መቼ ይደርሳል ሲሉት «ቶሎ» ስለሚል፣ ብስክሌቱም ሁለት ሳምንት ስለሚተኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አሁኑኑ የምጽፈው በኋላ ስናደድ ስለምረሳው ነው።

ነገሩ በተፈጠረበት ሳምንት ማክሰኞ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር የሆነውን አዲስ ዙር ነዳሁ፤ ሣጥኗን ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ ረቡዕ ረቂቁን ሰቀልኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አቶ ቶሎ ደወለልኝ። ሱቁ በዚህ ወር የፎቶ ኮፒውን ወረቀት በነፃ ስለሚያቀርብ ማስታወቂያው ካርታው ላይ እንዲወጣ ኮሚቴው ተስማምቷል አለኝ። በሐኪም ማዘዣ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀ። ካፊያ ስለሆነ እስከ ሱቁ መምጣት እንደሌለብኝ፣ ረቂቁን እሱ ራሱ ፎቶ ኮፒ ቤት እንደሚያደርስና በስልኩ ፎቶ አንስቶም ግሩፑ ላይ እንደሚለቀው ነገረኝ። በእርሳስ የተጻፈ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ንጹህ ነው መምህር» አለ። «ማንም ምንም አልጻፈበትም።»

ጉልበቴን በሙቅ ውሃ እያሸሁ ነበር። እሺ አልኩ። ይቺን እሺ ያስቀምጡልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እሑድ ጠዋት ክበቡ ወጣ። ሃያ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ካርታዬ እዚያ ላይ በእኔ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ቁልቁለት። ወደ ቀኝ መታጠፊያ። መንገዱ ደህና።» ፈጣኖቹ በመንገዱ መሐል ተግተልትለው ወረዱ። ከእነሱ ኋላ በዚያ ወር የገቡ አዲስ ባልና ሚስት ፍሬናቸውን ጨብጠው ቀስ እያሉ ወርደው መታጠፊያውን አለፉ። እህቴ የመጨረሻዋ ናት። ከኋላዋ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ። «ጠርዝ» ብላ ተጣርታ ራሷ ጠርዝ ያዘች። ከመታጠፊያው ወዲያ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ላይ የጎርፍ መውረጃ ጉድጓድ አለ፤ የተከደነው በፍርግርግ ብረት ነው። የፍርግርጉ ክፍተቶች መንገዱን ተከትለው በርዝመት የተዘረጉ ናቸው። የፊት ጎማዋ እንደ ሣንቲም ገባ። ባልየው ድምፅ ሰምቶ ዞር ሲል ብስክሌቱ ያለ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ አየ፣ እንደተተከለ ችግኝ፤ እህቴ ደግሞ ከሱ አራት እርምጃ ወዲያ አስፋልት ላይ ነበረች። የቀኝ እጇ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አገጯ አራት ቦታ ተሰፋ። ሐኪሙን «ስፌትህ ተራርቋል፣ ጠበቅ አድርገው» አለችው አሉ። እኔ አልነበርኩም፤ ጉልበቴን አሞኝ ቤት ቀርቼ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በግሩፑ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦ «ካርታው ትክክል እንደነበር ኮሚቴው አረጋግጧል። አደጋው የደረሰው በውራዋ የጥንቃቄ ጉድለት ነው። ስለዚህ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ሌላ ውራ ይመደባል።» ከሥሩ ዘጠኝ ሰዎች አውራ ጣት አድርገዋል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «ካርታው ትክክል» በሚለው ላይ ነው። እፎይ አልኩ። ቀጥዬ ስለ እህቴ የተጻፈውን አነበብኩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነበር፤ አላሳምረውም።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የምትሰፋበት ክፍል ከመኝታዋ በመጋረጃ የተለየ ነው፤ ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ የክር ማጠንጠኛዎች። የአንድ ትምህርት ቤት ሰማያዊ የደንብ ልብስ ተቆርጦ ሳይሰፋ ተከምሯል። ቀኝ እጇ በጄሶ ነው። በግራ እጇ መርፌ ላይ ክር ልታስገባ ትታገል ነበር፤ ልቀበላት ስጠጋ በአገጯ አባረረችኝ። ስለ ሕመሙ ጠየቅኳት። ሕመሙ እንደሚተዋት፣ ሐኪሙ ስድስት ሳምንት እንዳላት፣ ጎረቤት ያለች ሰፊ ግማሹን ልብስ እንደወሰደችላት ነገረችኝ። ከዚያ ክሩን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እጄ ይድናል» አለች። «ያ ቃል ግን አርባ ሰው ስልክ ውስጥ ነው። ያንን ያንሱልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እኔ የምፈልገው ብዙ ነበር። እሳት ለብሼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ከሰው ይልቅ ከማሽኑ ጋር የምታወራ ሴት ናት። ሰው ሁልጊዜ «ሁለት ጨምሪልኝ» እያለ ስለሚመለስ የማንንም ዋና ቅጂ አንድ ወር ሳትጥል ታቆያለች። የእኛን ከካርቶን ውስጥ ወዲያው አወጣችው። ለምን እንዳስታወሰችው ጠየቅኳት። አቶ ቶሎ ባንኮኒዋ ላይ ላጲሷን ተውሶ ኅዳጉን ሲፍቅ እንደነበር፣ ፍቅፋቂውንም ሳያራግፍ ወረቀቱን ስለሰጣት የማሽኑ መስታወት ላይ ቀርቶ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጂዎች ነጠብጣብ ሆነው እንደወጡባት ነገረችኝ። ከፋቀ በኋላ የሱቁን ማስታወቂያ ሳይለጥፍ እዚያ ቦታ ላይ ደረበው። የከፋት የመፋቁ ነገር አልነበረም፤ የመስታወቱ ነበር።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ በጎን ብርሃን አዘነበልኩት። እርሳስ ይፋቃል፤ የተጫነው እጅ ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በጥልቅ ተጭኖ የሚጽፍ ሰው ነው። እንዲህ ይነበባል፦ «23 ላይ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ በስተቀኝ ፍርግርግ አለ። ክፍተቱ በርዝመት ነው። ጎማ ይውጣል።»

እንዲህ ተጭኖ የሚጽፍ ክበባችን ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛው። አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ መታጠቢያ ገንዳ ሥር ተንጋልሎ አገኘሁት፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነበር። ለእግሩ ጥያቄዬን አቀረብኩ። ከገንዳው ሥር መልሱ መጣ። ፍርግርግ ሁልጊዜ ክፍተቱ መንገዱን አቋርጦ እንደሚቀመጥ፣ ያንን የገጠመው ሰው ግን አዙሮ እንደገጠመው፣ እሱም ሥራ ሄዶ ሲመለስ አይቶት ረቡዕ ማታ እንደጻፈው ነገረኝ። ታዲያ ካርታው ያለ ጽሑፉ ሲወጣ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። መፍቻው ቆመ። ሸርተት ብሎ ወጥቶ ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«እርስዎ ፈርመዋላ መምህር» አለኝ። «ነድቼዋለሁ ይላል። አይተውት፣ አዙረው ገጥመውት ይሆናል ብዬ ነው። ከርስዎ ፊርማ ጋር ልከራከር ነው?»

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ወደ አቶ ቶሎ ሱቅ ሄድኩ።

አንድ ቸርኬ ማቃኛ ላይ ሰቅሎ በጣቱ እያሽከረከረ ነበር። ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁት። ጮህኩ፤ ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ሻጭ ግን በሩ ላይ ወጥቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። አቶ ቶሎ አልካደም። ቧንቧ ሠራተኛው ከእያንዳንዱ ካርታ ላይ ጉድጓድ የሚያወጣ ሰው እንደሆነ፣ ባለፈው ወር ብቻ አሥራ አንድ ቦታ እንደጻፈ፣ ሁሉን ከሰማነው ሰው ከቤቱ እንደማይወጣ ነገረኝ። ማስታወቂያው ቦታ ፈልጎ ነበር፤ ፋቀው። ሊጎዳ የፈለገው ሰው አልነበረም። ማንም ሊጎዳ ብሎ አይፍቅም፤ ሲቸኩል ነው የሚፍቀው። ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ እሑድ በአርባው ሰው ፊት እንደማዋርደው ነገርኩት።

ቸርኬውን በመዳፉ አቆመው።

«መምህር፣ ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ በሬ ላይ ቆሜ ነበር» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲገቡ አይቼዎታለሁ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ነው የገቡት። ያንን ዙር በደንቡ የነዳ ሰው በድልድዩ በኩል ነው የሚገባው። ካርታው ትክክል ነው ብዬ የጻፍኩት ለማን ብዬ ይመስልዎታል? እኔም ዝም፣ እርስዎም ዝም። ሁለታችንም ደህና እንሁን።»

ከላይ ማክሰኞ ዙሩን «ነዳሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። እንዴት እንደነዳሁ ግን አልጻፍኩም። ዘልዬዋለሁ፤ ሰው የራሱን ሲዘል እንዴት ቀላል እንደሆነ እንዲያዩት ትቼው ነበር። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ኃይለኛ ነፋስ ነበር። በካርታው አቅጣጫ ብሄድ የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትሮች ነፋሱን በደረቴ ልገፋ ነው። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም ጉልበት አይደለም። ስለዚህ ዙሩን ገልብጬ ነዳሁት። መንገዱ ያው መንገድ ነው አልኩ። ሃያ ሦስተኛውን ኪሎ ሜትር ቁልቁል ልወርደው ሲገባኝ ሽቅብ ወጣሁት፤ ከፍርግርጉ በተቃራኒው ጠርዝ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከፊት ጎማዬ በቀር ምንም ሳላይ፣ እያለከለክሁ። ቤቴ ገብቼ እግሬን ዘርግቼ ጻፍኩ፦ መንገዱ ደህና። ፈረምኩ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለውን ተረት በየስብሰባው በሰው ላይ የምጠቅሰው እኔ ነበርኩ።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። አውቶቡስ አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ለጋዜጣ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ለዝምታዬም በልቤ እሟገትለት ነበር፦ ማስጠንቀቂያውን የፋቀው እሱ ነው፤ እኔ በደንቡ ብነዳ እንኳ ፍርግርጉን ላላየው እችል ነበር፤ ሣጥኗ «ነድቼዋለሁ» እንጂ «በዚህ አቅጣጫ ነድቼዋለሁ» አትልም። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ በየት በኩል እንደሚያሾልክ አውቃለሁ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ግን ያ ማስታወቂያ እዚያው ነው። አውራ ጣቶቹ አሥራ አራት ደርሰዋል።

አርብ ጠዋት ጉልበቴን በጨርቅ አስሬ ወጣሁ። ዙሩን በካርታው አቅጣጫ ነዳሁት። ሃያ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከመታጠፊያው በፊት ወርጄ ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ታች ሄድኩ። ፍርግርጉ አለ። ከመታጠፊያው እስኪወጡ ድረስ አይታይም፤ ሲታይ ደግሞ ስድስት እርምጃ ነው የሚቀርዎት። ማስመሪያዬን አወጣሁ። ክፍተቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ነው። የጎማዬ ውፍረት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል። የእህቴም ያው ነው፤ አብረን ነው የገዛናቸው። አንደኛው ብረት ላይ የቀይ ቀለም ጭረት አለ፣ የብስክሌቷ ቀለም። ተቀመጥኩ። አንድ ባለ ጋሪ ቆሞ ወድቄ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዳልወደቅኩ ነገርኩት።

ነፋሱን በደረቴ እየገፋሁ ተመለስኩ፣ በድልድዩ በኩል ገባሁ፣ በቀጥታ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። አንድ የልጅ ቀሚስ ማሽኑ ላይ አድርጋ በግራ እጇ እየመራች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፦ የላጲሱን፣ የቧንቧ ሠራተኛውን፣ የአቶ ቶሎን። የራሴን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። ማሽኑ ቆመ።

«ደህና ብለህ ጽፈሃል» አለች።

«ጽፌያለሁ።»

«ሳታየው።»

«ሳላየው።»

 ልታለቅስ ወይም ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ለሁለቱም ተዘጋጅቼ ነበር። የቀሚሱን ጫፍ ወደ እኔ ገፋችው።

«ወጠር አድርገህ ያዝ» አለች። ያዝኩ። ትንሽ ሰፋች። ጠማማ ሆነ። ፈታችው፣ እንደገና ሰፋች። ሦስተኛው ላይ ቀና ሲል ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱ ንገራቸው» አለች። «የራስህን ግን አስቀድም። የሱን ካስቀደምክ ጠብ ፈልገህ ነው የሚሉት። ያውቁሃል።»

ይቅር እንዳለችኝ ጠየቅኳት። ይህን ልብስ ሰኞ ማስረከብ እንዳለባት ነገረችኝ። እስኪጨልም ድረስ ጨርቅ ስወጥር ዋልኩ። ስትሸኘኝ እጅጌዬ ላይ የቀረውን ክር አነሳችልኝ።

ስለዚህ የራሴን አስቀድሜ እላለሁ። ዙሩን ገልብጬ ነድቼ በትክክል እንደነዳሁ አድርጌ ፈርሜያለሁ። ያላየሁትን መንገድ ደህና ብያለሁ። ሐሙስ ረቂቁን ሄጄ ማንሳት ሲገባኝ ካፊያ ፈርቼ እሺ ብያለሁ። ካርታው ትክክል አልነበረም። እህቴ የነዳችው ውራ መንዳት እንደሚገባው ጠርዝ ይዛ ነው፤ የወደቀችው ደግሞ እኔን ስላመነች ነው። አርባው ሰው ካርታ መሥራቱን ለሌላ ሰው ስጥ ካለኝ ማስመሪያዬን ሳይቀር አስረክባለሁ። ለመጪው እሑድ ያው ዙር ነው፤ አዲሱ ካርታ ሃያ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ «ፍርግርግ፣ በስተቀኝ፣ መሐሉን ያዙ» ይላል። ሣጥኗ ውስጥም ከ«ነድቼዋለሁ» ሥር «በካርታው አቅጣጫ» የሚል ጨምሬያለሁ። ኅዳጉ ባዶ ነው። ማስታወቂያ የለበትም።

ይህን ጽሑፍ ነገ ጠዋት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት በሩ ላይ፣ ከእርሳሷ አጠገብ እሰቅለዋለሁ፤ በግሩፑም ላይ እለቀዋለሁ። የተፋቀውን ረቂቅ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ዘንድ ትቼዋለሁ፤ በጎን ብርሃን ማየት የሚፈልግ ሄዶ ይይ፣ መስታወቷን ግን አይንካባት።

አሁን ተራው ያንተ ነው አቶ ቶሎ። እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አርባው ሰው ሱቅህ ፊት ለፊት ይሰበሰባል። ማንም ኮርቻ ላይ ከመውጣቱ በፊት መልስ። ያንን ጽሑፍ በላጲስ ስትፍቅ አንብበኸው ነበር ወይስ አላነበብከውም? አንብበኸው ከነበረ «ንጹህ ነው» ያልከኝ ለምንድን ነው? «የጥንቃቄ ጉድለት» ብለህ የጻፍከው የማንን ጉድለት ነው? በስልክ እንዳትመልስልኝ፤ ጓዳ ጠርተህም እንዳትመልስልኝ። እህቴ እጇን በጄሶ ይዛ ከፊት ረድፍ ትቆማለች። እሷን እያየህ፣ የመጨረሻው ሰው እንዲሰማህ አድርገህ መልስ።